ለሰባት ሲካፈል ስምንት ለሚተርፈው መድረክ

ግንቦት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለክቡር፣ ወይም ለክብርት፣ አድሚን ሦስት
የ«ንጋት» የቤት ሥራ መረዳጃ መድረክ የበላይ ጠባቂ
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ አድሚን ሦስት ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ባትሪዎና ኔትወርክዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ጉሙም እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስምዎንና አገርዎን ሳላውቅ ጤናዎን መጠየቄ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ በእኛ ዘንድ ለማያውቁት ሰው ሰላምታ መንፈግ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው። እርስዎን የማውቅዎት በአንዲት ክብ ሥዕል ውስጥ ባለች ጽጌረዳ አበባና ከበታቿ በተጻፈው «አድሚን 3» በሚለው ማዕረግዎ ነው። አድሚን አንድና አድሚን ሁለት የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ በሕይወት ካሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ ከሌሉም ነፍሳቸውን ይማር።

እኔ መሪጌታ ወልደአረጋይ እባላለሁ። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ አጋማሽ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደብር ዜማና ባሕረ ሐሳብ አስተምራለሁ። ባሕረ ሐሳብ ማለት፣ ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ረስተውት እንደሆነ፣ አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበትን ቀን የምናወጣበት የቁጥር ትምህርት ነው። ከዚህ ሌላ የፍቅርተ ማርያም አባት ነኝ። እሷን እንኳ ያውቋታል፤ ሚያዝያ 16 ቀን ከመድረክዎ ያባረሯት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ አንዲት ሴት ልጅ ይወስዳል። ይህ ለሌላው ሰው ክብር ይሆናል፤ ለእኛ ግን መንገድ ነው። ከስምንተኛ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት ከቤታችን ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ዳገትና ቁልቁለት ነው። የፍቅርተ ታላቅ ማኅደረማርያም በዚያ መንገድ ሁለት ወር ተመላልሳ፣ እግሯ ቆስሎ፣ አንድ ቀንም የማያውቋት ጎረምሶች ተከትለዋት፣ ትምህርቱን ትታ ቤት ዋለች፤ በዓመቱም ተዳረች። ለታናሺቱ የቀረን በር ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። የምትላከዋ ልጅ የምትለየው ደግሞ ከመቶ በሚያዝ ውጤት ነው፤ ሰማንያው ከክፍል ይመጣል፣ ሃያው ከእርስዎ መድረክ፣ «ተሳትፎ» ተብሎ። እንግዲህ የልጄ ዕድል አንድ አምስተኛው በጽጌረዳዋ እጅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ በመድረክዎ ላይ ያልጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። በልጄ ስም ብጽፍ ዳግመኛ ትታገድብኛለች፤ በራሴ እንዳልጽፍ የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ከመጮኽ በቀር ሌላ ሙያ የላትም። ስለዚህ ከኔትወርክ ድንጋይ ላይ ለጥፌዋለሁ። ክቡርነትዎም አንድ ቀን በአገራችን ቢያልፉ ኔትወርክ ፍለጋ እዚያ መውጣትዎ አይቀርም።

አቤቱታዬ ሰባት ነው። በመጨረሻው ላይ ስምንተኛ ቢያገኙ እንዳይደነግጡ፤ በእርስዎ ስሌት ከሰባት ስምንት መትረፉ ያለ ነገር መሆኑን ተምረናል።

አንደኛ። በምስጋና እጀምራለሁ፤ ይኸኛው ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎት። የሒሳብ መምህርታችን ሕይወት ለሰማንያ ሁለት ተማሪ አንድ ራሷን ናት፤ መጽሐፉም ለሦስት ልጅ አንድ ነው። የባለቤቴ ወንድም አለሙ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሠራው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩን ለፍቅርተ በሰጣት ጊዜ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ በዚያ ስንጥቅ በኩል ዓለም ገባልን። አንድ የመዘዞ መምህር ክፍልፋይን በበግ መንጋ ከፋፍለው ሲያስረዱ አብሬያት አየሁ፤ እኔም ሳላውቀው የኖርኩትን ነገር አወቅሁ። ከለሚ አንዲት ልጅ የካሬ ሥር አልገባኝም ብላ ስትጠይቅ፣ የእኔዋ በወረቀት ሠርታ፣ ፎቶ አንሥታ ላከችላት። ልጅቱም «እግዜር ይስጥሽ እኅቴ» ብላ መለሰች። ፍቅርተ ያን ቀን ከደስታ ብዛት ራቷን አልበላችም። በእኛም ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ስለማይደርሱ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያስጠናል፤ ይኸው የእኛው ሥርዓት በስልክ መጣ ብዬ በየደጁ ያመሰገንኩዎት እኔ ነበርኩ። እንዲያውም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ የመድረክዎን ስም በምሳሌ እተረጉም ነበር። አፌን በቆረጠው!

ሁለተኛ። የቤት ሥራው ከቀኑ አሥር ሰዓት ይለጠፋል፤ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ያልመለሰ ነጥብ የለውም። ኔትወርክ ያለው ግን ከመንደራችን አርባ ደቂቃ ሽቅብ ተወጥቶ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ ካለችው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከድንጋይዋ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ካሉ እሱም የለም። ልጆቹ በጉሙ መካከል ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲቆሙ፣ በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ምሕላ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረው ቆመዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ኖሯል። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ ለልጆቻችን ጤና ስላሰቡልን፣ የስፖርቱንም ክፍለ ጊዜ በዚያው ስላካተቱልን ለማመስገን ነው።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሚያዝያ 13 ቀን፣ ማክሰኞ፣ የተለጠፈው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ ቢሆን፣ ከሺህ ቀን በኋላ ዕለቱ ማን ይሆናል? ልጄ ስታነብልኝ ልቤ ዘለለ። እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በዚሁ ነው። ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የምናወጣው ዘመኑን እያካፈልን፣ ድርሻውን ትተን፣ ቀሪውን ይዘን ነው። ሰው ሁሉ ድርሻውን ሲያይ የእኛ ሙያ የተረፈውን መያዝ ነው። ልጄም ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገች ስለሆነች፣ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላ ከሺሁ ሰባት ሰባቱን ገደፈችው፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራቱ ሄደ፣ ስድስት ተረፈ። ከማክሰኞ ማግስት ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሰኞ ብላ ከነስሌቱ ላከች።

ክቡርነትዎ ደግሞ በበኩልዎ ሺህን ለሰባት በካልኩሌተር አካፈሉ። ካልኩሌተሩም 142.857 አለ። ከነጥቡ ማዶ ስምንት ቁጥር ቆማ ባዩ ጊዜ «ቀሪው 8 ነው» ብለው ፈረዱ። ከማክሰኞ ተነሥተው ስምንት ሲቆጥሩ ረቡዕ ላይ ይወድቃሉና፣ መልሱ ረቡዕ ሆነ። እኔ በዕድሜዬ ለሰባት ተካፍሎ ስድስት የተረፈውን አይቻለሁ፤ ምንም ያልተረፈውንም አይቻለሁ፤ ስምንት የተረፈውን ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እስኪ ሰባት ሰው ዳቦ ተካፍሎ ስምንት ዳቦ ከተረፈ፣ አንዳንድ ይድገሙ እንጂ ምን ይጠብቃሉ? የእርስዎን መንገድ አባቶቻችን ቢያውቁት ኖሮ ፋሲካን በሐሙስ እንውል፣ ሁዳዴም ያጥርልን ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳንደርስበት በመቅረታችን እጅግ ቆጭቶኛል።

አራተኛ። መልስዎን ከመድረኩ አናት ላይ ሰቀሉት። ወዲያው ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ ረቡዕ እያለ ይወርድ ጀመር፤ ልጄ ቆጥራዋለች፣ ስልሳ አንድ ረቡዕ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ቀድመው ሰኞ ብለው የነበሩ ናቸው፤ የእርስዎን ባዩ ጊዜ አጥፍተው ረቡዕ አሉ። አልፈርድባቸውም፣ ሃያ ነጥብ እንኳን ልጅ ቄስ ያስክዳል። የለሚዋም ልጅ ረቡዕ ብላለች። የመዘዞው መምህር ብቻ «ጥያቄው ቢታይ ጥሩ ነው» ብለው በጨዋ ደንብ ጻፉ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም። ለስልሳ አንዱ ረቡዕ አረንጓዴ ምልክት ሰጧቸው፣ ለእኔዋ ሰኞ ቀይ። እኔ ቁጥር በድምፅ ብልጫ እንደሚወሰን አላውቅም ነበር፤ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ከአቤቱታ ወጥቼ ልናዘዝ፤ ይህኛው ጥፋት ከእርስዎ ይልቅ የእኔ ነውና። እኔ የተማርኩት ከየኔታ ዘርአ ዳዊት ዘንድ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ልማድ ነበራቸው። ተማሪ ልክ ሲመልስ አያመሰግኑም፤ ፊታቸውን አጨፍግገው «አይደለም» ይላሉ። ተማሪው አመንትቶ መልሱን ከለወጠ ሸምድዶታል እንጂ አላወቀውም ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ «አይደለም» ተብሎ በሦስቱም ከጸና ግን፣ የኔታ ፈገግ ይሉና «እለፍ» ይላሉ። ያቺን እለፍ የምትል ቃል ለመስማት ስንቱን ዱላ ጠጥተናል። ፍቅርተንም ያሳደግኋት በዚሁ ነው።

እንግዲህ ልጄ ያን ማክሰኞ እያለቀሰች ወርዳ «አይደለም ተባልኩ» ስትለኝ፣ ክቡርነትዎ፣ እኔ ደስ አለኝ! ለሰባት ተካፍሎ ስምንት ተረፈ የሚል መምህር በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? እየፈተኑሽ ነው፣ ታላቅ መምህር ናቸው፣ እንዳትለቂ፣ ሦስት ጊዜ ጽኚ አልኳት። በማግስቱ ወጥታ ሰኞ ነው አለች፤ ሰረዙት። ሐሙስም ወጥታ ሰኞ ነው አለች፤ «ማስጠንቀቂያ» የሚል መጣባት። እኔ ግን አይዞሽ፣ የኔታም ሁለተኛው ላይ ነበር ዱላ የሚያነሡት ብዬ አጽናናኋት። ዓርብ ዕለት ሦስተኛውን ስትልክ፣ ያቺን እለፊ የምትል ቃል በዓይኔ ለማየት ጋቢዬን ለብሼ አብሬያት ወጣሁ። የመጣው ቃል ሌላ ነበር፤ «ተደጋጋሚ አላስፈላጊ መልእክት በመላክዎ ከመድረኩ ታግደዋል። የተሳትፎ ነጥብ 0»። ልጄ ስልኩን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ስልኩን አጥፍታ ቁልቁለቱን ቀደመችኝ። ብትቆጣኝ ምናለበት እያልኩ ከኋላዋ ወረድኩ።

ስድስተኛ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን ማሩልኝ ብዬ ልጽፍልዎ ተነሣሁ። ለአድሚን የሚጻፈው በመድረኩ ውስጥ ነው አሉኝ፤ ወደ መድረኩ ለመግባት ደግሞ አድሚን መፍቀድ አለበት። መምህርት ሕይወት ዘንድ ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ሠራችው፣ አጥፍታ ደግማ ሠራችው፤ ሰኞ ነው አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ነገር ግን ነጥቡ ከመድረኩ በቀጥታ ስለሚመጣ እሷ መንካት አትችልም። ርእሰ መምህሩ አቶ ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ሄድኩ። ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፣ አክብረው አዳመጡኝ፣ በመጨረሻም ሲስተም ነው፣ መሪጌታ፣ ሲስተም ምን ይደረጋል አሉኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል የምናውቀው ሁለቱን ነበር፤ አሁን ሦስተኛ ተጨምሯል።

በመድረክዎ ግርጌ የተጻፈውን አድራሻ በወረቀት ገልብጬ ደብረ ብርሃን ድረስ ወጣሁ። አድራሻው ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ባፈና እንደነገሩኝ፣ አንድ ሰው ከወራት በፊት ማስታወቂያ አሳትሞ ሄዷል፤ አድራሻ ሲያጣ የእሳቸውን አስገብቶ ይሆናል፤ እኔም አድሚን ፍለጋ ከመጡት ወላጆች አምስተኛው ነኝ። አንደኛው ወላጅ ደጃቸው ላይ ተንበርክኮ እንደነበርም ነገሩኝ። እኔ አልተንበረከክሁም፣ ግን የተንበረከከው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ወይዘሮዋ ሻይ አዝዘውልኝ፣ በብርዱ እንዳልጎዳ መክረው ሸኙኝ። በጠቅላላው ጉዞዬ ያገኘሁት የመድረክዎ አገልግሎት ያ ሻይ ብቻ ስለሆነ፣ ምስጋናውን ለእርስዎ አስተላልፋለሁ።

ሰባተኛ። የክቡርነትዎ ቃል በስተመጨረሻ በመምህርት ሕይወት ስልክ መጣ። ተማሪዋ በገዛ እጇ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ፣ ትክክለኛው መልስ ረቡዕ መሆኑን አምኛለሁ ብላ፣ ወላጅ ፈርሞበት እስከ ሐሙስ ቢላክ፣ እገዳው ይነሣል፣ ነጥቡም ይመለሳል የሚል ነበር። ዓርብ የተመራጯ ስም ይላካል። ፍቅርተ ከክፍል ከሰማንያ ሰባ ሰባት አላት። ቀጥላ ያለችው ልጅ ስልሳ አራት አላት፤ ከእርስዎ ሃያ ጋር ሰማንያ አራት ይሆናል። ይህን ለመደመር ባሕረ ሐሳብ አያስፈልግም።

እኔ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ተንቆራጠጥኩ። ባለቤቴ ባዩሽ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ተናገረችኝ። ታላቂቱን መንገድ በላብኝ፣ ይቺን ደግሞ ሰኞ ሊበላብኝ ነው ወይ አለችኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ልጄን ጠርቼ ጻፊ አልኳት። ሦስት ጊዜ ጽኚ ያልኳት እኔው፣ በአንድ ጊዜ ልቀቂ አልኳት። አልተከራከረችኝም። ተቀምጣ፣ አንዲት ፊደል ሳትሰርዝ፣ በዚያ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ ረቡዕ መሆኑን አምኛለሁ ብላ ጻፈች። እኔም የተማሪዎቼን ጽሑፍ በማርምበት እጄ ፈረምኩ። አፈርኩ፣ ክቡርነትዎ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሐሙስ ወጥተን በመምህርት ሕይወት በኩል ላክነው። ችሮታዎ አልዘገየም፤ ሃያ ከሃያ ሰጧት። ከመታገዷ በፊት የነበራት አሥራ ስምንት ስለነበር፣ ሁለቱን ለረቡዕ ጉርሻ የጨመሩላት ይመስለኛል። ዓርብ ስሟ ተላለፈ። ልጄ ደብረ ብርሃን ትገባለች፤ ባዩሽ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። ይህን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ያቆየሁትም ስሟ ማኅተም እስኪያርፍበት ነው። ፈሪ ነህ ቢሉኝ፣ ነኝ።

ስምንተኛ፣ ከሰባቱ የተረፈው። እንግዲህ ልጅህ ገባችልህ፣ ሌላ ምን ቀረህ ይሉኝ ይሆናል። የቀረኝን ልንገርዎ፤ ሙያዬ የተረፈውን መያዝ ነው ብዬዎታለሁ።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምንጫወተው ጨዋታ አለን። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፤ እሷ ሰባት ሰባቱን ገድፋ ቀሪውን ትነግረኛለች። ልክ ስትሆን እኔ ፊቴን አጨፍግጌ አይደለም እላታለሁ፤ እሷ እየሳቀች ነው ትለኛለች፤ አይደለም፣ ነው፣ አይደለም፣ ነው ስንባባል ባዩሽ ሁለታችንንም ትቆጣናለች። ይህ የመድረኩ ነገር ከመጣ ወዲህ አልተጫወትንም። ትናንት ሰኞ፣ ማለት እውነተኛው ሰኞ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ከጎኗ ተቀመጥኩና፣ ልታረቃት ፈልጌ፣ ቀላሉን ጠራሁላት። ሠላሳ አልኳት። ይህ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች የምጠይቃት ነበር። መልቀሟን አቆመች። አላኮረፈችም፣ አላሾፈችም፤ አሹፋብኝ ቢሆን ደስ ባለኝ። በትሕትና፣ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ቀና ብላ አየችኝና «ስንት ልበል፣ አባባ?» አለችኝ።

ሁለት ነው እኮ፣ ልጄ፣ ልላት ፈልጌ አቃተኝ። በየትኛው አፌ?

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ነጥቧን መልሰዋል፣ እገዳውን አንሥተዋል፣ ጉርሻም ጨምረዋል፤ ከእንግዲህ ከእርስዎ የሚጠየቅ ነገር የለም። የወሰዱት ዕቃ የት እንደተቀመጠ እርስዎም እንደማያውቁት እገምታለሁና፣ መልሱልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። መድረክዎ ይስፋ፤ ረቡዕዎ ይብዛ፤ ጽጌረዳዋም አትጠውልግ።

እጅ ልነሣ ፈልጌ እጅዎ የት እንዳለ ያጣሁ፣
ከእግርዎ ልወድቅ ደብረ ብርሃን ድረስ ወጥቼ ፎቶ ኮፒ ቤት የደረስኩ፣
ሰኞን አውቄ ለረቡዕ የፈረምኩ አገልጋይዎ፣

መሪጌታ ወልደአረጋይ

ግልባጭ፦
ለአድሚን አንድና ለአድሚን ሁለት፣ ካሉ
ለወይዘሮ ባፈና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ስድስተኛው ወላጅ ሲመጣ እንዲያነብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ስለሆነ፣ ያው ጥያቄ ራሱ መጣ ማለት ነው። ከዛሬ ሺህ ቀን በኋላ፣ ጥር 28 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በአማኑኤል ዕለት፣ በሕይወት ካለሁ ከዚህች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ። እኔ ሰኞ እገኛለሁ፤ እርስዎ በራስዎ ቆጠራ ረቡዕ ቢመጡም ግድ የለም፣ ስንቅ ይዤ ሁለት ቀን እቆይልዎታለሁ። ልጄንም ይዣት እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ትሆናለች። ዕለቱ ማን እንደሆነ እባክዎ እሷን እርስዎ ይጠይቁልኝ። እኔ መጠየቅ ፈርቻለሁ።